ጋሽ ታፈሰ «እናሸንፋለን» ያለ ዕለት

ጋሽ ታፈሰ ማረፉን የነገረኝ ኑረዲን ነው። ኑረዲን ጁባ ውስጥ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ ከእኔ በፊት ሰፈሩ በሙሉ «ደህና» ይልለታል። ያን ቀን ግን ስልኩን አንስቼ «ሃሎ» ብል ድምፅ የለም።

«ኑሬ፣ ኔትወርክ ነው?» አልኩት።

«አይደለም ሰኒ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «ጋሽ ታፌ አዳማ ልጁ ቤት አርፏል። ትናንት ቀብረውታል።»

መጀመሪያ አላመንኩም። ላለማመኔ በቂ ምክንያት ነበረኝ። እኔ ባወቅሁት ዓመታት ሁሉ ጋሽ ታፈሰ ሊሞት ነበር። ወባ በያዘው ቁጥር ይናዘዛል። የመፍቻ ሳጥኑን ለኑረዲን፣ ሬዲዮውን ለእኔ፣ ብርድ ልብሱን ለኮሌጁ ዘበኛ ያወርሳል። በሦስተኛው ቀን ላቡን ጠርጎ ይነሳና እየዞረ ያወረሰውን ይሰበስባል። ያችን ሬዲዮ አራት ጊዜ ወርሼ አራት ጊዜ መልሻለሁ። ስለዚህ ኑረዲን ስልኩን ሲዘጋ፣ ሰውዬው እንደ ልማዱ ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ «ሬዲዮዬን» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ነው እውነቱ የገባኝና ያለቀስኩት።

ጋሽ ታፈሰን ባወቅሁበት ጊዜ እኔ ጁባ ውስጥ፣ ጀበል በሚባለው ሰፈር፣ ከተራራው ሥር፣ ከአንድ ኮሌጅ አጥር ጋር የተጣበቀች ምግብ ቤት ነበረችኝ። ኮሌጁ ስሙ ረጅም ስለሆነ እሱንም «ጀበል» ብለን ነበር የምንጠራው። ጋሽ ታፈሰ የኮሌጁን ጄኔሬተር የሚጠግን መካኒክ ነበር። ጁባ ውስጥ ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው ከሐኪም አያንስም፤ ሐኪሙም ቢሆን መብራት ሲጠፋበት የሚደውለው ለእሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነበር። አንገቱ እንዲያ የሆነው በሥራው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሌላው መካኒክ ፈትቶ የሚያገኘውን እሱ ሰምቶ ያገኘዋል። «አንቱ» መባል አይወድም ነበር። «አንቱ ስትሉኝ ጉልበቴን ያመኛል» ይለን ስለነበር ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነበር የምንለው።

ከዚህ ሰውዬ አፍ ግን ጥሩ ወሬ አይወጣም። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ሲወጣ ፍሪጄ አጠገብ ቆመና አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ሰኒ፣ ይሄ ፍሪጅ ድምፁ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ።

«ተመስገን» አልኩ።

«እኔ ግን ፈርቻለሁ። የሚያቃስት ሞተር ሰው ያየዋል፣ ዘይት ይጨምርለታል። ደህና ነኝ የሚለውን ማን ያየዋል?»

ስቄ ሸኘሁት። በሳምንቱ ፍሪጁ ከነሥጋዬ ሞተ። በፍሪጁ ላይ መናደድ ሲገባኝ በጋሽ ታፈሰ ላይ ተናደድኩ። «አሟረትክበት!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ኮቱን አውልቆ ከፍሪጁ ኋላ ገባና እስከ ማታ ሲታገል ዋለ። ሲጨርስ «አሁን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እስኪቆም ይሠራል» አለኝ።

ይቺ «እስኪቆም ይሠራል» የምትባል ነገር የእሱ ዋስትና ነበረች። ከዚያ የበለጠ ቃል ሰጥቶ አያውቅም። የኮሌጁ ኃላፊ፣ ሁሉም «ሙዲር» የሚሉት ሳቂታ ሰው፣ ትልልቅ እንግዶች የመጡበት ቀን ጄኔሬተሩ ቤት ድረስ መጥቶ «ታፈሰ፣ ታማም? ደህና ነው?» አለው። «ለጊዜው ታማም» አለ ጋሽ ታፈሰ። «ዛሬ እንዳይጠፋ!» ቢለው «እስኪጠፋ አይጠፋም» ብሎ መለሰለት። ሙዲሩ እስኪያስለው ሳቀ። ነገር ግን አንድም ቀን ሌላ መካኒክ አልጠራም። ሌሎቹ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብለው ሳጥናቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ጋሽ ታፈሰ ግን ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ይልና እንግዶቹ እስኪሄዱ አይነሳም።

እንዲህ ያለ ሰው የኳስ ደጋፊ ሲሆን ምን እንደሚመስል አስቡት።

የጀበል ባላንጣ ወንዙ ዳር ያለው ኮሌጅ ነው። የጁባ ሰው ነጭ ዓባይን «ባሕር» ስለሚል ያንን ኮሌጅ «ባሕር» እንለዋለን። ሁለቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይጋጠማሉ። ዋንጫ የለውም፣ ሽልማት የለውም። ያሸነፈው ዓመቱን ሙሉ ያወራል፣ የተሸነፈው ዓመቱን ሙሉ ይሰማል፤ በቃ ይኸው ነው። ሐበሻው እዚህ ነገር ውስጥ የገባው በልጆቹ ምክንያት ነው። ከጀበል ተጫዋቾች ግማሾቹ ጋምቤላና አዲስ አበባ አድገው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። የሚበሉት እኔ ዘንድ ነው፣ የሚጣሉኝም በአማርኛ ነው። ኒምራ ታላታ የሚባለው ሰፈር ያሉት ሐበሾች ደግሞ ባሕርን ይደግፋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው የረባ መልስ አልሰጡኝም። እኛ ጀበልን ስለደገፍን ይመስለኛል።

ከጨዋታው በፊት ባለው ሳምንት ቤቴ ሁለት ነገር ይሞላዋል፦ የኑረዲን ጉራና የጋሽ ታፈሰ ጭንቀት። ኑረዲን ገና በሩን ሲያልፍ «ሦስት ለባዶ! ካላስ! አለቀ!» ይላል። ጋሽ ታፈሰ እህሉ አይወርድለትም። ሜዳው ወደ ባሕር ጎል ሳይሆን ወደ እኛ ጎል ያዘነብላል ይላል። ዳኛው ሚስት ያገባው ከወንዙ ዳር ነው ይላል። የግራ ተከላካያችን አዲስ ጫማ ስለገዛ እግሩን ይበላዋል ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ዝናብ ከመጣ አለቅን፣ ካልመጣ ደግሞ አቧራው ይጨርሰናል።

«ታዲያ ምን ይምጣ?» አልኩት አንዴ።

«እሱን ነው የማላውቀው» አለኝ፣ ከልቡ።

«እናሸንፋለን» የሚል ሰው ካለ ጋሽ ታፈሰ ሳህኑን ይዞ ውጪ ይወጣል። «ሟርተኛው ወጣ!» እያሉ ይጮሁበታል። ከውጪ ሆኖ «ፈሪ ለእናቱ ነው! እኔ ደግሞ ለእናቴ አንድ ነኝ!» ብሎ ይመልስላቸዋል። ለነገሩ ታሪክ ከእሱ ጋር ነበር፤ ጀበል በተከታታይ ሲሸነፍ ሦስት ዓመቱ ነው። አምና ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ዮናስ በድሉ በጣም ከመተማመኑ የተነሳ «እንኳን ደስ አለን» የሚል ጽሑፍ ያለው ኬክ አስጋግሮ ነበር። ተሸንፈን ስንመጣ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጠበቀን። ዮናስ ጽሑፉን በማንኪያ ፋቀው፤ ከዚያ ቆርሰን በላነው።

ከአንዱ ጥፋት ሰው ይማራል ይባላል። እኛ አልተማርንም። ዘንድሮ ኬክ ይቅር ተባለና ማክሰኞ ዕለት ኑረዲን ትልቅ ሙክት እየጎተተ መጣ። «ቅዳሜ ማታ የድሉ ነው» ብሎ አጥሩ ላይ አሰረው።

«ማን ነው የሚያርደው?» አለ ዮናስ።

«እኔ ነኛ!»

«እና እኛ ክርስቲያኖቹ ምን ልንበላ ነው? ድሉን?»

ለካ ይሄን ያሰበ አልነበረም። የእስላም ሥጋ እኛ አንበላ፣ የክርስቲያን ሥጋ እነሱ አይበሉ፤ ደስታው ደግሞ የጋራ ነው። እሺ፣ ሌላ በግ ይጨመር ተባለ። ዮናስና ጓደኞቹ ሁለተኛውን ገዝተው አመጡ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነስ ያለ ስለነበረ ሌላ ቅሬታ ተነሳ። ከዚያ ድስቱ መጣ። የእኔ ድስት ለማን? ኑረዲን ድስት ከቤቱ ሊያመጣ ተስማማ። ቢላውስ? ሁለት ቢላ። ጭልፋውስ? እዚህ ላይ ተጣሉ። ጨዋታው ገና አራት ቀን ሲቀረው፣ እነዚህ ሁሉ ሚስት ያገቡና ልጅ ያሳደጉ ወንዶች ባልተገኘ ድል ላይ ስለ ጭልፋ ይከራከሩ ነበር። በጎቹ አጥሩ ላይ ጎን ለጎን ታስረው ይሰሟቸዋል።

ጋሽ ታፈሰ ሳህኑን ይዞ ቆሞ አየና «ላም አለኝ በሰማይ!» ብሎ ወጣ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ነው። ቀልድ ያልሆነው የኦጁሉ ነገር ነው።

ኦጁሉ የጀበል በረኛ ነበር። ጋምቤላ ነው ያደገው፤ ለስላሳ ልጅ፣ ከበላ በኋላ ሳህኑን ራሱ ወደ ወጥ ቤት የሚመልስ። አምና በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንዲት ቀስ ብላ የምትንከባለል ኳስ ወደ እሱ መጣች። ሕፃን የሚይዛት ዓይነት ናት። በሁለት እጆቹ መሃል፣ ከዚያ በሁለት እግሮቹ መሃል አልፋ ገባች። በእሷ ተሸነፍን። በማግስቱ ኮሌጁ ውስጥ ክፍት የተተወ በር «ኦጁሉ» ተባለ። «በሩን ኦጁሉ አድርገኸው ሄድክ» ይባባላሉ ተማሪዎቹ። እሱም እየሰማ ይስቃል። ሲስቅ ግን የሚስቀው ጥርሱ ብቻ ነው።

ያኔ ጋሽ ታፈሰ ሊያጽናናው ሄዶ ነበር። «ጓንቲህን አምጣ» አለውና ገልብጦ፣ ጎትቶ፣ ስፌቱን አይቶ መረመረው። ከዚያ «ጓንቲው ደህና ነው» ብሎ መለሰለት። እንዲህ ነበር የሚያጽናናው! ልሰድበው ምንም አልቀረኝም።

ዘንድሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኦጁሉ የቀኝ እጁን አንጓ በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። ኑረዲን፣ ዮናስና ጋሽ ታፈሰ ምሳ ላይ ነበሩ። እጁ ስለተጎዳ ቅዳሜ እንደማይገባ ለአሠልጣኙ ነግሮ መምጣቱን አወራን።

«በዚሁ እጅህ ጠዋት ሙሉ ጀሪካን ተሸክመህ ስታልፍ አይቼሃለሁ» አልኩት። እኔ ነገር መሸፈን አልችልም።

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ፋሻውን እየነካካ እንዲህ አለ፦

«ሰኒ፣ ያቺ ኳስ አሁንም ታልፋለች። ፈተና ላይ ተቀምጬ ታልፋለች። በሚቀጥለው ወር ተመርቄ እሄዳለሁ። ዘንድሮም በመሃሌ ካለፈች ስሜ እዚህ በር ሆኖ ይቀራል። ካልገባሁ ግን፣ ቢያንስ ሁለተኛ አይጨመርም።»

«ካልገባህም እኮ በር ሆኖ ይቀራል!» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ኑረዲን ተነሳ። «ስማ ኦጁሉ፣ ሦስት ለባዶ ነው!»

«አምናም ሦስት ለባዶ ነበር ያልከኝ።»

«አንተ አንበሳ ነህ!» አለ ዮናስ።

«አምናም አንበሳ ነበርኩ።» ኦጁሉ ዞሮ ጥግ ላይ ያለውን ጠረጴዛ አየ። «ጋሼ ታፌ ይበለኝ። እሱ ሰውን ለማስደሰት ብሎ አይናገርም። ጋሼ ታፌ እናሸንፋለን ካለኝ እገባለሁ። ካላለኝ ይቅር።»

ሁላችንም ወደ ጋሽ ታፈሰ ዞርን። ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ የማውቀው ጄኔሬተር ነው» አለ።

«ታዲያ እንደ ጄኔሬተር ስማኝ» አለው ኦጁሉ።

ሐሙስም ዓርብም ጋሽ ታፈሰ ልምምድ ላይ ዋለ። ኦጁሉ ፋሻውን ሳይፈታ ከቡድኑ ተለይቶ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ይሞክር ነበር። ጋሽ ታፈሰ ከጎሉ መረብ ኋላ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ኳሷ ጓንቲው ላይ ስታርፍ የምታሰማውን ድምፅ ያዳምጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ግን እነሱም ዝም ብለው መጫወት ጀመሩ። ዓርብ ከሰዓት ወጥ ቤቴ መጣ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«ምን ሰማህ?» አልኩት።

«መጥፎ ነው፣ ሰኒ። ኳሷ እጁ ላይ ሁለት ድምፅ ነው ያላት። ታርፍና ትነጥራለች። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አይይዝም።»

«ታዲያ እናሸንፋለን አትበለዋ።»

«አይገባማ!»

«በለው እንግዲህ።»

«ውሸት ነዋ!» አለና የዱቄት ጆንያው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ለአንድ ሰው እንኳ ‹ይሠራል› ብዬ አላውቅም። ለሞተር ብዋሽ ሞተሩ አይሰማኝም። ይሄ ግን ልጅ ነው፣ ይሰማል። አምኖኝ ገብቶ ኳሷ ብታልፍበትስ? ያን ጊዜ እሱን በር ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ ጨዋታው እንዲሰረዝ ጄኔሬተሩን ላጥፋው ወይ አለኝ። ጨዋታው በቀን ብርሃን እንደሆነ አስታወስኩት። በሟርቱ ስናደድበት የኖርኩትን ሰው ያኔ ከልቤ ወደድኩት። ያቀረብኩለትን እህል ሳይነካ ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተጫዋቾቹ እኔ ዘንድ ተሰብስበው እየበሉ ነበር። ኦጁሉም ከነፋሻው ጥግ ተቀምጧል። ጋሽ ታፈሰ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጢሙን ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ድረስ ቆልፏል፤ ለቅሶ የሚሄድ ነበር የመሰለኝ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል።

«ኦጁሉ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ እናሸንፋለን።»

ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ዮናስ አማተበ። ኑረዲን ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሩን በመዳፉ ዳሰሰውና «ጋሼ፣ ወባው ተነሳብህ እንዴ?» አለው። ኦጁሉ ግን ጋሽ ታፈሰን ከፊቱ እስከ እጆቹ አየው። ከዚያ ፋሻውን ፈታ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተውና «ሰኒ፣ አንድ ሳህን ድገሚኝ» አለኝ።

ልጁ ተጽናና፤ ደጋፊው ግን አለቀ። ዓመት ሙሉ ሲፎክር የከረመ ሰው ሁሉ ፊቱ ገረጣ። ጋሽ ታፈሰ እናሸንፋለን ካለ በእርግጠኝነት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው! ከጄኔሬተር ጋር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ድምፁ ያማረ ቀን ነው የሚቆመው ያለው እሱ ራሱ አይደለም? ዮናስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰው ሲላጭ ሁለቱንም ቆረጣቸው። ኑረዲንን ደግሞ አጥሩ ጋ ቦዳ ቦዳ ከሚባሉት የኪራይ ሞተረኞች ከአንዱ ጋር ሲደራደር ደረስኩበት፤ ሙክቱን አሳፍሮ ወደ ገበያ ሊመልሰው ነው።

«ሦስት ለባዶው የት ሄደ?» አልኩት።

«አንድ ለባዶም ይበቃኛል» አለኝ፤ ሞተረኛው ግን በግ አልጭንም ብሎ ሄደ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ተራራው ሥር ያለው አቧራ ተነስቷል፣ ከበሮው ይመታል፣ የኒምራ ታላታ ሐበሾች ተደርድረው «ኦጁሉ! በሩን ክፈት!» እያሉ ይዘፍናሉ። ጋሽ ታፈሰ ጨዋታ ማየት አይችልም። ጄኔሬተሩ ቤት ጥላ ሥር ጀሪካኑን ገልብጦ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ቆሜ የማየውን እንድነግረው ሆነ። ኳስ ብዙም ስለማላውቅ ዘገባዬ አጭር ነበር።

«የእኛው ሰውዬ ሮጠ» አልኩት።

«የትኛው?»

«ረጅሙ።»

«ሁሉም ረጅሞች ናቸው እኮ ሰኒ!»

አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የባሕር አጥቂ ከሩቅ መታ፤ የረባ ምት አልነበረም። ኦጁሉ ወደቀላት። ኳሷ እጁ ላይ አረፈች፣ ነጠረች፣ ገባች። የወንዙ ዳር ሰው በሙሉ «ኦጁሉ! ኦጁሉ!» አለ። አፌን ከፍቼ ለጋሽ ታፈሰ የምለውን ስፈልግ እሱ ቀደመኝ።

«አትንገሪኝ። ሰምቻለሁ።»

ኦጁሉ ኳሷን ከመረቡ አወጣና ወዲያው አልመታትም። ደረቱ ላይ አቅፏት ወደ እኛ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት አየ። የጋሽ ታፈሰን ትከሻ ነካ አደረግሁ፤ ተነስቶ ዞረ። በጨዋታ ሰዓት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳው ፊቱን ሰጠ። ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ነጩ መስመር ድረስ ሄደና እዚያ ቆመ። ኦጁሉ ኳሷን ወደ መሃል ሜዳ ለጋት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ኳስ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ኖሮ የሚያምር አይለውም ነበር። ልጁ አንዲትም ኳስ አጥርቶ አልያዘም። ከእጁ ያመለጠችውን በደረቱ ይወድቅባታል፣ ከደረቱ ያመለጠችውን በጉልበቱ ይመልሳታል። አንዷን በፊቱ መለሳት፤ አፍንጫው ደማ። ግን አንዲትም አላለፈችም። ከዕረፍት በኋላ ያ ባለ አዲስ ጫማ የግራ ተከላካይ እያነከሰ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ አንድ አገባልን። ኑረዲን ያንን ጎል አላየም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ኦጁሉ ኳሷን ሆዱ ሥር አድርጎ መሬት ላይ ተኝቶባት ነበር፤ ጓደኞቹ ናቸው ያነሱት። አንድ እኩል ሆነ።

አንድ እኩል ድል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እዚያው ሜዳው ላይ ተጀመረ። ኑረዲን ግማሽ ድል ስለሆነ አንድ በግ ይታረድ አለ። የትኛው? እንደገና ተጣሉ። በመጨረሻ ሁለቱም በጎች ለኦጁሉ ምርቃት ይቆዩ ተብሎ ስምምነት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ ውስጥ ክፍት የተተወ በር «በር» ብቻ ነው የሚባለው።

እነሱ ሲጨቃጨቁ ጋሽ ታፈሰ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጎሉ ሄደ። እኔም ውሃ ይዤ ተከተልኩት። ኦጁሉ ጓንቲውን አውልቆ፣ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ይዞ የጎሉን ብረት ተደግፎ ተቀምጧል። ጋሽ ታፈሰ ሰላም እንኳ ሳይለው ፊቱ ቆመ።

«ዋሸሁህ» አለው። «ዓርብ ዕለት እጅህን ሰምቼዋለሁ። እናሸንፋለን ስልህ አላመንኩበትም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ኦጁሉ ሳቀ። «አውቄያለሁኮ» አለው።

«ምኑን?»

«መዋሸትህን። በሩ ላይ ቆመህ ስትነግረኝ እጆችህን አየኋቸው። ከእኔ ብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ገባህ?»

«ጋሼ ታፌ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ያንን ቃል ካወጣ፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ጎል ላይ መቆም አያቅተኝም አልኩ።»

ጋሽ ታፈሰ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ የልጁን ሁለት እጆች ያዘ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ግን መለየት አልቻልኩም።